የሰባት ኪሎ ጣጣ

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ አለ፣ አምስት ኪሎ አለ፣ ስድስት ኪሎም አለ። ሰባት ኪሎን ማየት የፈለገ ግን ቦሌ ኤርፖርት መሄድ አለበት። ሻንጣ መሬት ላይ ተዘርግፎ፣ እናት የሽሮ ፌስታል ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዛውር፣ ልጅ ጃኬት በጃኬት ላይ ሲደርብ፣ አጎት ከዳር ቆሞ «ቦት ጫማውን እግርህ ላይ አድርገው እንጂ!» እያለ ሲመክር ካያችሁ ደርሳችኋል። ሰባት ኪሎ እዚያ ነው።

ሕጉ ሲነበብ ቀላል ነው። ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ለሚሳፈር ሰው አንድ የእጅ ሻንጣ ይፈቅዳሉ፤ ክብደቱ ከ7 ኪሎ፣ ቁመቱ ከ55 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ ከ40፣ ውፍረቱ ከ23 አካባቢ እንዳያልፍ ይላሉ። ጎማና እጀታ ያለው ሻንጣ ባዶውን ሁለት ተኩል፣ ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 7 ኪሎ ሲባል በእጃችሁ የሚቀረው አራት ነው። ከዚያ ደግሞ ሕጉ በየቦታው ይለያያል። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በአብዛኛው የሚያዩት መጠኑን እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ ሌሎቹ ይመዝናሉ፤ አንዳንድ ርካሽ የአውሮፓ በረራዎች ደግሞ ከመቀመጫ ሥር ከሚገባ ትንሽ ቦርሳ ያለፈውን ሁሉ ያስከፍላሉ። መንገድ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው ጠዋት ሕጋዊ የነበረ ሻንጣው ከሰዓት ሕገ ወጥ ሊሆንበት ይችላል። ሻንጣው ያው ሻንጣ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው ስላስቆጣኝ ነው። በማን እንደተቆጣሁ ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለየልኝም። ከተቆጣሁባቸው ሰዎች አንዱ እኔው ነኝ።

ታላቅ እህቴ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን ልትገላገል ስትል እናታችን ልታርሳት ተነሳች። እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን በቀን ሁለቴ ትወጋለች። እንግሊዝኛዋ «የስ»፣ «ኖ» እና «ቴንኪው» ነው። ብቻዋን፣ አንድ የአውሮፓ ከተማ ላይ አውሮፕላን ቀይራ፣ ልትሄድ ነው። ቤቱ ሁሉ ለአንድ ወር ያወራው ስለ ሻንጣ ነበር።

ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ፣ ይጫኑላታል። 46 ኪሎ ብዙ ይመስላል፤ የአራስ ጥሪት ሲጠራ ግን ምንም አይደለም። የገንፎ ዱቄቱ፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ኮሰረቱ፣ ለልጁ የተገዛው ነጭ ጋቢ፣ የእህቴ ባል የሚወደው ዳቦ ቆሎ። ከዚያ ጎረቤት መምጣት ጀመረ። የታች ቤቷ እትዬ ሜሪላንድ ላለችው ልጃቸው አንድ ኪሎ ሚጥሚጣ ይዘው መጡ። «ቀላል ናት፣ ምንም አትከብድ» ይሉና እጃችሁ ላይ ሲያስቀምጡት ክንዳችሁ ይወርዳል፤ ታውቁታላችሁ ይሄን። የሰፈር ልጅ ለወንድሙ ጫማ ላከ። እምቢ ማለት አይቻልም። እናቴም እምቢ አትልም፤ ነገ እሷም ትልካለቻ።

የሻንጣው ሥራ አስኪያጅ እኔ ነበርኩ። በተንጠልጣይ የእጅ ሚዛን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት መዘንኩ። ትልልቆቹ 23 ሲሞሉ የተረፈው ሁሉ ወደ ትንሿ ሻንጣ ገባ። መድኃኒቱንም እዚያው አደረግኩት፤ ምክንያቱም «መድኃኒት ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ» የሚለውን ዩቲዩብ ላይ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ኢንሱሊኑ በትንሽ ፔርሙዝ፣ መርፌው፣ የስኳር መለኪያው፣ የሐኪሙ ደብዳቤ፣ ሁሉም ሥር ሥሩን በሥርዓት ተደረደሩ። ከላይ ሽሮና ዳቦ ቆሎ። ስልኳ እንዳይዘጋባት ብዬ የራሴን ፓወር ባንክ ጨመርኩላት። ስመዝናት 10 ኪሎ ከምናምን ሆነች። «ኧረ ማን ይመዝነዋል!» አልኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያልተናገረ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ዊልቸር እንጠይቅልሽ ብያት ነበር። እግር ስላመማት አይደለም። ዊልቸር የጠየቀ ሰው የሚገፋው ሠራተኛ ስለሚመደብለት ከበር እስከ በር አይጠፋም፤ ለእናቶቻችን ዊልቸር አስተርጓሚ ነው። እሷ ግን «እግሬ ሳይሰበር በጋሪ? ሰው ምን ይላል?» አለችና ነገሩ አበቃ።

ስትነሳ የእጅ ሻንጣዋን የመዘነው አልነበረም። ትኬት ያየው ልጅ «በሰላም ግቢ እማማ» ብሎ ሸኛት። ደስ አለኝ። ያኔ መዝኖ «ይሄ አይሄድም» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ሽሮውን አውጥቼ ይዤ እመለስ ነበር፤ ተጨቃጭቄ፣ ተሳድቤ ምናልባት፣ ግን ይዤ እመለስ ነበር። ደግነቱ ነው ችግሩን ወደሚቀጥለው ኤርፖርት ያሻገረው።

ቀጥሎ የሆነውን ያወቅኩት በኋላ ከራሷ አፍ፣ በቁርጥራጭ ነው። ትራንዚቱ ላይ በሩ ጋ ስትደርስ ወረፋው ረጅም ነው፤ እሷ መጨረሻ ናት። አውሮፕላኑ ሞልቷል፤ ከመቀመጫ በላይ ያለው የዕቃ ቦታም ሞልቷል። አንድ ሠራተኛ የእጅ ሻንጣዋን አነሳት፣ ከበዳት፣ ወረቀት አሰረባት። ገንዘብ አልጠየቃትም። የሆነ ነገር ጠየቃት፤ ከጠየቃት ውስጥ የገባት አንዲት ቃል «ባትሪ» የምትለዋ ናት። እናቴ «ኖ» አለች። አልዋሸችም እኮ! ባትሪ ለእሷ መብራት ሲጠፋ ሌሊት ወደ ውጭ ይዛው የምትወጣው ነው። እሱን ደግሞ ቤት ትታ ነው የሄደችው። ፓወር ባንኩን «የስልኩ ቻርጀር» ነው የምትለው።

ሻንጣዋ ሄደች። እሷ በሩ ላይ መልሰው የሚሰጧት መስሏታል።

ምግብ ሲመጣ መርፌዋን ልትወጋ ሻንጣዋን ፈለገች። የለም። አስተናጋጇን በምልክት ጠየቀቻት፤ አስተናጋጇ ጣቷን ወደ ታች ጠቆመች፣ ፈገግ አለች፣ አለፈች። አስተናጋጇ ሻንጣ እንጂ መድኃኒት እንደተጠየቀች አታውቅም። እናቴ ምግቡን ሳትነካ መለሰች። «መድኃኒቱ ከሌለ ምግቡን ምን ያደርግልኛል» አለችኝ። ከስምንት ሰዓት በላይ ውሃ ብቻ እየጠጣች ተቀመጠች። ሰው ላለማስቸገር።

ዳለስ ኤርፖርት ደርሳ ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣዎች አንድ ደግ ሰው ከሚዞረው ቀበቶ ላይ አወረደላትና ወጣች። ሦስተኛዋም እዚያው ቀበቶ ላይ ትዞር ነበር፤ እሷ ግን በአውሮፕላኑ በር ሳይሰጧት ስለቀሩ ተወስዳ የቀረች ነው የመሰላት። እህቴ ውጭ ቆማ እየጠበቀች ነው፤ ከወጡ በኋላ ወደዚያ ክፍል መመለስ አይቻልም። ማታ ስልክ ሲደወልልኝ «እማዬ ደርሳለች» ከሚለው ቀጥሎ የሰማሁት «መድኃኒቷን የት ነው ያደረግከው?» የሚል ነው። መለኪያውም ሻንጣው ውስጥ ስለነበር ከጎረቤት ተውሰው ለኩ። ከ400 በላይ። እህቴ በዘጠነኛ ወሯ፣ ሆዷን ይዛ፣ እናቷን ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ወሰደቻት።

ዳነች። ሻንጣዋ በሦስተኛው ቀን መጣች፤ ኢንሱሊኑን ግን ጣሉት። ኢንሱሊን በረዶ ከነካው ይበላሻል፤ ሦስት ቀን የት እንደዋለ የማይታወቅ መድኃኒት ደግሞ ማንም ደፍሮ አይወጋም። ዳቦ ቆሎው ደህና ነበር።

አየር መንገዱን አልጠራውም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ስለሆነ መጥራቱ አያስፈልግም። የእጅ ሻንጣን በር ላይ ወስዶ ከታች መጫን የተለመደ አሠራር ነው። የእኔ ስህተት ይሄን አለማወቄ ነው። «መድኃኒት በእጅ ሻንጣ» የሚለው ምክር ግማሽ ምክር ነው። የእጅ ሻንጣ የእናንተ የሚሆነው እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው፤ በተለይ ከብዶ፣ ተወጥሮ፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ ከሆናችሁ። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የሰነድ ዋናው ቅጂ፣ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ፓወር ባንክ፣ እነዚህ ሻንጣው ውስጥ ያለች ሌላ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ነው መሆን ያለባቸው፤ ሻንጣው ሲወሰድ እሷን መዝዞ አንገት ላይ ማጥለቅ እንዲቻል። ዋጋዋ ከሁለት ሻይ አይበልጥም ነበር። ያችን ቦርሳ ሥር ሥሩን፣ ከሽሮ በታች የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ግን የእኔ ጥፋት የእነሱን አይሸፍንም። መመዘን ካለበት ቤተሰብ አጠገብ እያለ፣ ትኬት በሚታይበት ቦታ ይመዘን። እዚያ ላይ «ይለፍ» ተብሎ፣ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቋንቋ በማይገባበት በር ላይ «አይለፍ» ማለት ሕግ ማስከበር አይባልም። ሻንጣ የሚወስደው ሠራተኛም መጠየቅ ያለበትን ነገር እርግጠኛ እስኪሆን መጠየቅ አለበት። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከታች መጫን ክልክል ነው፤ የእጅ ሻንጣ በር ላይ ሲወሰድ ፓወር ባንክ ወጥቶ ከመንገደኛው ጋር መቅረት አለበት። ይሄ የደኅንነት ሕግ ነው። የእናቴ «ኖ» ግን በቂ ሆነና የእኔ ፓወር ባንክ ውቅያኖስ ተሻገረ፤ ከ200 በላይ ሰው ከያዘ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ። ይሄን ሳስብ አሁንም ይሰቀጥጠኛል። ከኢትዮጵያ መንገደኛ በየቀኑ የሚጭን ድርጅት «መድኃኒት አለ? ፓወር ባንክ አለ? ሰነድ አለ?» የሚል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የተጻፈ አንድ ካርድ በሩ ላይ ማስቀመጥ ያቅተዋል? ሥዕል ብቻ ቢሆንም እኮ ይበቃል።

አሁን ወደ እኛ ወደ ወጣቶቹ ልምጣ። ቲክቶክ ላይ ሻንጣቸውን ኤርፖርት መሬት ላይ የሚያራግፉ ሰዎች ቪዲዮ ብዙ አለ። በተለይ ከአረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን፤ በስካች የታሰረ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ በላስቲክ፣ በአንድ እጅ ሁለት ቦርሳ፣ በሌላው አሻንጉሊት። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። እኔም ስቄ ለጓደኞቼ ልኬ አውቃለሁ። አሁን አልስቅም። ያቺ ልጅ የሁለትና የሦስት ዓመት ደሞዟን ነው ይዛ የቆመችው። እናቷ፣ አባቷ፣ ታናናሾቿ፣ ያሳደጓት አክስት፣ ሁሉም በዚያ ሻንጣ ውስጥ ድርሻ አላቸው። «ይሄን አውጪው» ሲሏት ዕቃ መምረጥ ብቻ አይደለም፤ ከቤተሰቧ ማንን ባዶ እጅ እንደምታስቀር መምረጥ ነው። ስልክ አውጥታችሁ ከምትቀርጹ ጎንበስ ብላችሁ ዚፑን ያዙላት። ቦታ ካላችሁ አንድ ልብስ ያዙላት፤ ያያችሁትን፣ የከፈታችሁትን ልብስ።

ያላያችሁትን ግን አትያዙ። አደራ ቅዱስ ነገር ነው ብለን ነው ያደግነው፤ ኤርፖርት ላይ ግን አደራን የሚያውቅ የለም። ፍተሻ ላይ ሻንጣው ማን እጅ ላይ ነው የሚለው ነው የሚጠየቀው። የታሸገ ካርቶን፣ የተሰፋ ትራስ፣ «ቡና ብቻ ናት» የተባለች ጥቅል፣ ውስጧ ሌላ ነገር ከተገኘ የሚታሰረው ተሸካሚው ነው። ጫት እንኳ እዚህ አገር በየመንገዱ ይሸጣል፤ እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች፣ አሜሪካና ሳዑዲም አይፈቅዱም። «ይከፈትና ልየው» ማለት ስድብ አይደለም። እትዬም ቢሆኑ ይከፈት። (የእትዬ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ ነበር። አረጋግጫለሁ፤ ዓይኔ ነው ያረጋገጠው።)

ሚጥሚጣ ካነሳን አይቀር፣ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ዱቄት ነገር የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በእጅ ሻንጣ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ምርመራ ሊደረግበት ይችላል፤ ፈታሾቹ ምንነቱን ካላረጋገጡ አይገባም። 350 ሚሊ ሊትር ማለት የአንድ ለስላሳ ጣሳ ያህል ነው። የእኛ ሽሮ ስንት ጣሳ ነው? ስለዚህ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ ወደ ትልቁ ሻንጣ። ማር፣ ንጥር ቅቤና አዋዜ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት፤ የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2006 እንግሊዝ ውስጥ ፈሳሽ ፈንጂ ይዘው አውሮፕላን ሊያጋዩ ያሴሩ ሰዎች ከተያዙ በኋላ የመጣ ነው። አንዳንድ ኤርፖርቶች አዲስ መመርመሪያ ማሽን አስገብተው አላልተውታል፤ መንገዳችሁ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ግን አታውቁምና የላሊበላ ማራችሁን ለፈታሽ አትገብሩ። መድኃኒትና የሕፃን ምግብ ከዚህ ገደብ ውጪ ናቸው።

ሌላው ዓለም የዕቃ መደርደሪያውን የሚያጨናንቅበት ምክንያት ከእኛ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው የሚጫን ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ሰዉም ላለመክፈል ዕቃውን ሁሉ ጠቅልሎ በእጁ መግባት ለመደ። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው ወረፋውንም ግርግሩንም የፈጠሩት። እኛ ግን 46 ኪሎ በነፃ ተሰጥቶንም አይበቃንም። እነሱ ገንዘብ ለማዳን፣ እኛ ሰው ላለማስቀየም፤ መጨረሻ ላይ እዚያችው መደርደሪያ ሥር እንጋፋለን።

ስለ ፓወር ባንክ ግን ቆም ብዬ ማውራት አለብኝ፤ ይሄን የምታነቡት በስልክ ነውና ቦርሳችሁ ውስጥ አንድ ሳይኖር አይቀርም። ገደቡ 100 ዋት አወር ነው። ጀርባው ላይ በሚሊ አምፒር አወር የተጻፈውን በ3.7 አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። የ20,000ው 74 ይመጣል፤ ያልፋል። የ30,000ው 111 ነው፤ እሱ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አያልፍም። ከ160 በላይ የሆነ ጭራሽ አይፈቀድም። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ምንም ያልተጻፈበት ከሆነም ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። ያበጠ ካለ ደግሞ አውሮፕላን ይቅርና ትራሳችሁ አጠገብም አታድርጉት።

ለምን እንዲህ እንደሚያከርሩ የገባኝ በቡሳኑ እሳት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2025 ደቡብ ኮሪያ፣ ጊምሄ ኤርፖርት ላይ ሊነሳ የተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ከኋላ በኩል ከላይኛው የዕቃ ሳጥን እሳት ተነሳበት። 176 ሰው ነበረበት፤ ሁሉም ወጡ፣ አውሮፕላኑ ጣሪያው እስኪበሳ ተቃጠለ። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ፓወር ባንክ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሪያ ፓወር ባንክን ከላይ ሳጥን ውስጥ ማድረግ ከለከለች፤ በእጅ ወይም ከፊት ለፊት ኪስ ውስጥ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ ይሁን አለች። እዚህ በብዛት የምንሳፈርበት ኤሚሬትስም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ በፓወር ባንክ መሙላትን ከልክሏል። ዓይን በሚያየው ቦታ የተባለው ሲጨስ ቶሎ እንዲታይ ነው። ከታች፣ ከሻንጣ ክምር ውስጥ ሲጨስ ማን ያያል?

እሳት ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፕላን ፈቃድ ሲያገኝ በሮቹ ግማሾቹ ተዘግተው መንገደኛው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል መፈተሽ አለበት። ፈተናው ላይ ሻንጣ የሚያወርድ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዱባይ ላይ ከህንድ የመጣ ቦይንግ 777 ሲያርፍ ወድቆ በጭስ ተሞልቶ ሳለ፣ ሰዎች ቆመው ከላይ ሻንጣ ሲጎትቱ የሚያሳየውን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። 300ዎቹም ወጡ፤ እሳቱን ሊያጠፋ የመጣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ሞተ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ፣ ሐኔዳ ላይ የጃፓን ኤርላይንስ ኤርባስ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሲነድ፣ የነበሩበት 379 ሰዎች በሙሉ ሻንጣቸውን ጥለው ወጡ። ሁሉም ተረፉ።

ቪዲዮውን ሳይ ድሮ በዱባዮቹ እስቅ ነበር፤ «ለሻንጣ ይሞታሉ እንዴ?» ብዬ። አሁን ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። እናቴ እዚያ ብትሆንስ? ኢንሱሊኗ ከላይ፣ ፓስፖርቷ ከላይ። ትታው ትወጣ ነበር? አንዳንዱ ሰው ሻንጣውን የሚጎትተው ስግብግብ ስለሆነ ሳይሆን ሕይወቱን በሙሉ አንድ ሻንጣ ውስጥ ስላስገባ ነው። አንገት ላይ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ቦርሳ ለእንዲህ ዓይነቱም ቀን ትሠራለች፤ እሷን ይዞ የሚሮጥ ሰው ወደ ላይ የሚያይበት ምክንያት የለውም።

እህቴ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ነው። እናቴ በሁለት ወር ውስጥ ትመለሳለች። ከነጠላ ጥለት የተረፈ ጨርቅ ፈልጋ ራሷ ከረጢት ሰፍታለች፤ ዘመናዊ ቦርሳ ልግዛልሽ ስላት «እሱን ሌባ ያየዋል» አለች። በቪዲዮ አሳየችኝ። ኢንሱሊኑ፣ መርፌው፣ ፓስፖርቱ ይገባል፤ ከቀሚሷ በታች ይውላል። ዊልቸሩንም እሺ ብላለች። «እግሬን ትንሽ ይሰማኛል» ነው ያለችው፤ አልተከራከርኳትም።

ባለፈው እሑድ ስደውል ከኋላዋ ሳሎኑ ውስጥ ክምር አየሁ። እትዬ ለላኩት ሚጥሚጣ ልጃቸው መልስ ልካለች፤ ሁለት ስልክ፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሦስት ጥንድ ስኒከር። ባትሪ ያለበትን ለብቻ ለዪ አልኳት። «የቱ ነው ባትሪ ያለበት?» አለችኝ። አንድ በአንድ ካሜራው ፊት እያነሳች አሳየችኝ፤ ሲደክመን ለማክሰኞ ቀጠርን።